ሚዳ ክሪክን በእግር ለማየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚዳ ክሪክ ከኬንያዋ ማሊንዲ በስተ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዋታሙ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ጀርባ ወደ የብስ ዘልቆ የገባ የባሕር ክንድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተው ለዕረፍት ወደ ሞምባሳ የሚሄዱ ብዙዎች ነጩን አሸዋ ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ከታች ያሉት መልሶች ግማሽ ቀን ቆርሰው ጭቃውን፣ የማንግሮቭ (በጨው ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ደኑንና ወፎቹን በእግራቸው ማየት ለሚፈልጉ ናቸው።

ሚዳ ክሪክ ወንዝ ነው፣ ሐይቅ ነው፣ ወይስ ባሕር?

ባሕር ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ በጠባብ አፍ የሚገባው ውሃ ውስጥ ሲደርስ ሰፋ ብሎ ይተኛል፤ የማንግሮቭ ደኑና የጭቃ ሜዳው ሲደመር ወደ 32 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ወንዝ አይፈስበትም። ጨዋማነቱን የሚያለዝበው ከመሬት ሥር የሚሰርገው ውሃ ነው። ወንዝና ባሕር ፊት ለፊት ሲገናኙ ማየት ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው ቦታ ከማሊንዲ በስተ ሰሜን ያለው የሳባኪ ወንዝ አፍ ነው፤ ስለ እሱ መጨረሻ ላይ ተጽፏል።

አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1968 ከተቋቋመው የዋታሙ የባሕር ጥብቅ ስፍራ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ማሊንዲና ዋታሙ አንድ ላይ በዩኔስኮ የባዮስፌር ስፍራነት ተመዝግበዋል።

ጠዋት የነበረው ውሃ ከሰዓት የት ሄደ?

ጣናን፣ ሀዋሳን ወይም ላንጋኖን ለምዶ ለሄደ ሰው ይህ ትልቁ እንግዳ ነገር ነው። የሐይቅ ዳር ዛሬም ነገም እዚያው ነው። የባሕር ዳር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃና ፀሐይ ውቅያኖሱን ይስቡታል፣ ምድር ደግሞ ከሥሩ ትዞራለች። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ «ትናንት በዚህ ሰዓት በእግር ተሻግሬ ነበር» የሚለው ስሌት ዛሬ አይሠራም።

የመጠኑ ልዩነት የዋዛ አይደለም። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ (ጉልበቱ የሚበረታው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው) በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ከፍታ ከ3 ሜትር ይበልጣል። የአካባቢው ሰው ይህን ወቅት «ባምቩዋ» ይለዋል። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንባቸው ቀናት ግን ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር ይወርዳል፤ ይህ «ማጂ ማፉ»፣ ማለትም የሞተ ውሃ ነው።

የሚመጣበትን ፍጥነት ማወቅ ያስፈልጋል። በስድስቱ የመሙያ ሰዓታት ውሃው እኩል አይጨምርም። ጠቅላላ ከፍታውን 12 ቦታ ቢከፍሉት በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3፣ በአራተኛው 3፣ በአምስተኛው 2፣ በስድስተኛው 1 ይጨምራል። ልዩነቱ 3 ሜትር በሆነበት ቀን በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨምረው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰው «ገና ነው» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ሰዓት ብቻ 75 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሚዳ ሜዳ ስለሆነ ይህ ውሃ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ በቦዮቹ በኩል ዞሮ ከኋላዎ ይሞላል።

ታዲያ ቀንና ሰዓት እንዴት ልምረጥ?

ከሆቴልም ከትራንስፖርትም በፊት ጨረቃን ይዩ። ሞምባሳ አካባቢ ጨረቃ በምትወለድበትና በምትሞላበት ቀን ውሃው ከፍ የሚለው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ፣ ዝቅ የሚለው ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ነው (በእኛ አቆጣጠር)። ከዚያ በየቀኑ 50 ደቂቃ ይጨምሩ። ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ወይም የሂጅራ ወር ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ሥራ ነው፦ የጨረቃዋ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን አካባቢ የባምቩዋ መነሻ ናቸው።

ምን ለማየት እንደሚሄዱ ደግሞ ይወስናል፦

ጭቃው ላይ ለመሄድ፣ ሸርጣንና የማንግሮቭ ሥር በቅርብ ለማየት፦ ጨረቃ ከተወለደች ወይም ከሞላች በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት። ውሃው ዝቅ ከሚልበት ሁለት ሰዓት በፊት ይግቡ፤ ውሃው ዝቅ ባለበት ሰዓት ላይ ፊትዎን ወደ መውጫው ያዙሩ። ጊዜ ስለተረፈ አይደለም የሚመለሱት፤ መመለሻው ሁልጊዜ ከመሄጃው ይረዝማል።

ወፍ ለማየት፦ ጨረቃ ከተወለደች ወይም ከሞላች ከ3 እስከ 5 ቀን በኋላ። በእነዚህ ቀናት ውሃው ዝቅ የሚለው ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ እየሞላ ሲመጣ ወፎቹን ከሰፊው ሜዳ ወደ ዳር ይገፋቸዋል። ፀሐዩም በርዷል። ውሃው ጨርሶ በሸሸበት ሰዓት የሄደ ሰው ወፎቹን እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትነው፣ ከሩቅ ነጥብ ሆነው ነው የሚያያቸው። ጨርሶ በሞላበት ሰዓት የሄደ ደግሞ የቆሙ ዛፎችና ውሃ ብቻ ያገኛል።

አንድ ማስተካከያ አለ። በይነመረብ ላይ የሚገኙት ሰንጠረዦች የሞምባሳን ወይም የማሊንዲን ክፍት ባሕር ነው የሚናገሩት። ሚዳ የሚሞላው በጠባብ አፍ ስለሆነ ውስጠኛው ክፍል ከሰንጠረዡ ይዘገያል። ትክክለኛውን የዕለቱን ሰዓት ከአስጎብኚ ወይም ከዓሣ አጥማጅ ይጠይቁ።

የሰዓት አቆጣጠሩ አያምታታም?

ለአውሮፓዊ ያምታታል፤ ለእኛ ግን በረከት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። «ሳ ንኔ አሱቡሂ» ማለት ቃል በቃል ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፦ የታተመው ሰንጠረዥ 10፡00 ይላል፣ ጀልባ ቀዛፊው አራት ይላል፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ብዙዎቹ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይቀይሩታል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገሩ ያስታውሱ። «ማጂ ያናጃ ሳ ንጋፒ?» ውሃው ስንት ሰዓት ይሞላል? ማለት ነው።

እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። በናይሮቢ በኩል የሚሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው ባቡር ሞምባሳ ይደርሳል፤ ጉዞው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ከሞምባሳ በኪሊፊ በኩል ወደ ማሊንዲ በሚሄደው ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ) ይሳፈሩና ጌዴ መገንጠያ ላይ ይውረዱ፤ ከሞምባሳ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ዋታሙ በቱክቱክ (በእኛ ባጃጅ) ቅርብ ነው። በእንጨት የተሠራው የእግረኛ መተላለፊያ ያለው ግን ዋታሙ ውስጥ አይደለም፤ ከጌዴ በስተ ደቡብ ከዋናው መንገድ ወደ ባሕሩ ታጥፎ ነው። «ሚዳ ክሪክ ቦርድዎክ» ብለው ካልነገሩት ባለ ቱክቱኩ ወደ ዋታሙ ነጭ አሸዋ ይወስድዎታል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። የመግቢያ ምዝገባን የሚመለከተው መመሪያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ስለተቀያየረ ከመነሳትዎ በፊት የኬንያ መንግሥትን ገጽ ይዩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ።

ምርጡ ወቅት መቼ ነው?

ለወፍ ከጥቅምት እስከ መጋቢት። ከሳይቤሪያና ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡት ተሰዳጆች መስከረም ላይ መግባት ይጀምራሉ፤ ሚያዝያ ላይ ተጠራርገው ይሄዳሉ። ረጅሙ ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይወርዳል፤ በእነዚህ ወራት መንገዱ ይጨቀያል፣ ትንኙም ይበዛል። በጥቅምትና በኅዳር አጭሩ ዝናብ አለ፤ ጉዞ አያስቀርም። ለማንግሮቭና ለሸርጣን ወቅት የለውም።

ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

ጫማው ከሁሉ ይቀድማል። ነጠላ ጫማ ጭቃው ይነጥቅዎታል። ባዶ እግር ደግሞ በማንግሮቭ ሥር ላይ የተጣበቀው ኦይስተር (ጠርዙ ስለታም የሆነ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ) እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። የሚበጀው በማሰሪያ የሚጠብቅ አሮጌ ሸራ ጫማ ነው፤ ከጉዞው በኋላ ቢጣልም የማይቆጭ። የዝናብ ቦቲ አይሁን፦ ውሃ ከገባበት ይከብዳል፣ ማጥ ከያዘው እግርዎ ይወጣል እንጂ ቦቲው አይወጣም።

በተረፈ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለል ያለ ረጅም ሱሪና እጅጌ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የትንኝ መከላከያ፣ ለስልክና ለፓስፖርት ውሃ የማያስገባ ከረጢት። ባይኖኩላር ካለዎት 8 በ42 የሚባለው ይበቃል፤ የሚወዛወዝ ድልድይ ላይ 10 እና 12 እጥፍ የሚያቀርበው እጅ ያንቀጠቅጣል። ጃንጥላ ወፍ ያስበረግጋል፤ ነጭ ነጠላም እንዲሁ። ቡናማ፣ አመድማና አረንጓዴ ልብስ ይምረጡ።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ወባን ይረሳል። የኬንያ ባሕር ዳር ወባ አለ። ከመሄድዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ፌስታል ይዘው አይግቡ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ከሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በጥብቅ ስፍራዎችና በባሕር ዳርቻዎች አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ሁሉ፣ የውሃ ጠርሙስን ጨምሮ፣ ክልክል ነው። የሚሞላ ኮዳ ይያዙ።

ጭቃ ላይ እንዴት ይኬዳል? ብሰምጥስ?

መሬቱን ማንበብ ይቻላል። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ አሸዋ ጠንካራ ነው። ሸርጣን የሚቆፍርበት ጉድጓድ የበዛበት፣ ደነዝ ግራጫ የሆነው ጭቃ ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ይወስዳል። የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ገንፎ የለሰለሰና ምንም ቀዳዳ የሌለው ጭቃ ግን በተለይ በቦይ ዳር ከሆነ አይረገጥም። ቦይ ለመሻገር ሲያመነቱ «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ቦታ ነው ብለው ያስቡ።

አካሄዱ፦ እርምጃ አጭር፣ ጉልበት ዕጥፍ፣ ተረከዝ ሳይሆን መላ እግር በአንድ ጊዜ። ቆም ባሉ ቁጥር ይሰምጣሉ፤ ፎቶ ለማንሳት ሥር ወይም ጠንካራ አሸዋ ይፈልጉ። የሰው ዱካ ካለ ዱካውን ይከተሉ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ያለ ምክንያት አልዞሩም።

እግርዎ ከያዘ በኃይል አይንቀሉት። ጭቃው የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን በመምጠጥ ነው፦ እግር ወደ ላይ ሲሳብ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ አየር ወይም ውሃ ካልገባ መልሶ ይጎትታል። ስለዚህ ወደ ኋላ ዘንበል ይበሉ፣ ካስፈለገም ይቀመጡ፤ ክብደትዎ ይበተናል። የተያዘውን እግር በትንሹ ወደ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ውሃ እንዲሰርግ ያድርጉ፣ የእግር ጣትዎን ወደ ታች ቀስረው ቀስ ብለው ያውጡ። አንዱን እግር ለማውጣት ሌላውን አጥብቀው መርገጥ ሁለቱንም ያስይዛል። የመጣውም ጓደኛ አጠገብዎ ቆሞ አይጎትት፤ ጠንካራ ቦታ ላይ ሆኖ ዱላ ወይም ነጠላ ያቀብል።

አስጎብኚ ግዴታ ነው? ስንት ይከፈላል?

መተላለፊያው ላይ ለመሄድ ሁሌም አያስፈልግም፤ ጭቃው ላይ ለመውረድ ግን ያለ አስጎብኚ አይግቡ። ዋጋው ስለሚቀያየር በር ላይ ይጠይቁ፤ የምትከፈለው የመግቢያ ገንዘብ ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይውላል፤ ፕሮግራሙን የጀመረው ኤ ሮቻ ኬንያ የተባለ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው። ዝርዝር ሽልንግ ይያዙ። የኢትዮጵያው ኤም-ፔሳ ሒሳብዎ እዚያ ይሠራል ብለው አይተማመኑ። ከመውረድዎ በፊት ዋጋ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩና በስንት ሰዓት እንደሚወጡ ይስማሙ።

መተላለፊያው ወደ 260 ሜትር ይረዝማል፤ በገመድ የተንጠለጠለ ስለሆነ ይወዛወዛል። መጨረሻው ላይ ወፍ ማያ ጎጆ አለ። ሳንቃውን የጨው አየር ስለሚበላው ላላ ያለ አይጠፋም፤ መሐሉን ሳይሆን ምስማር የተመታበትን መስመር ይርገጡ፣ ተራርቃችሁ ሂዱ።

የማንግሮቭ ዛፎቹን እንዴት ልለያቸው?

ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ናቸው። ኬንያ ውስጥ ካሉት ዘጠኝ የማንግሮቭ ዝርያዎች ሰባቱ ሚዳ ላይ ይገኛሉ። ቅጠል ከማየት ሥር ማየት ይቀላል፤ እያንዳንዱ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ለመተንፈስ የየራሱን ዘዴ አበጅቷል። የስዋሂሊ ስማቸውን መያዝ ይጠቅማል፤ አስጎብኚዎቹ የሚጠሩት በዚያ ነው።

ምኮኮ፦ ከግንዱ ላይ እንደ ድንኳን ምሰሶ ወደ ታች የሚወርዱ ቅስት ሥሮች። ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ ይበቅልና ከግማሽ ሜትር ሊበልጥ የሚችል አረንጓዴ ዱላ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ሲወድቅ ወይ ጭቃው ላይ ይተከላል ወይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ይህን አንዱን ብቻ ለይተው ቢመለሱም አይከፋም።

ምቹ፦ ከጭቃው ላይ በሺህ የሚቆጠሩ እርሳሶች ቀጥ ብለው ከቆሙ ምቹ ነው። የቅጠሉን ጀርባ ይመልከቱ፣ አመድማ ነው፤ ፊቱን በምላስ ጫፍ ቢነኩት ጨው ነው። ዛፉ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያልበዋል።

ምሊላና፦ እንደ ምቹ ከጭቃው ሽቅብ ይወጣል፣ ሥሩ ግን ወፍራም እንደ ችካል ነው። ከባሕሩ ጋር ግንባር ለግንባር የሚቆመው እሱ ነው። ነጭ አበባው ማታ ይፈካል።

ሙኢያ፦ ሥሩ ከጭቃው ወጥቶ እንደ ታጠፈ ጉልበት ተመልሶ ይገባል። ቀይ የአበባ ኮፊያው መሬት ላይ ወድቆ ይገኛል።

ምካንዳ ደግሞ አጠር ያለ፣ ቅጠሉ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ ከልጡ ቀይ ማቅለሚያ ይወጣል። ምኮማፊ ትልቅ ሎሚ የሚያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም የሚበልጥ ክብ ፍሬ ያንጠለጥላል፤ ሥሩ እንደ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይጠማዘዛል። ሰባተኛው ኪካንዳ በየብሱ በኩል የሚገኝ ትንሽ ዛፍ ነው፤ አስጎብኚው ካላሳየዎት ማለፉ ቀላል ነው።

ለምን እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል? ቆሻሻ ይለቀቅበታል?

አይደለም። ጭቃው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከወረደ በኋላ አየር የለውም። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች የወደቀውን ቅጠል የሚያበሰብሱት በኦክስጅን ፋንታ በባሕር ውሃ ውስጥ ባለው ሰልፌት ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ይህን ሽታ ይሰጣል። ጭቃውን ሲረግጡ ይበረታል። ጥቁሩ ቀለምም ከዚያው ነው።

ጭቃው ላይ የሚርመሰመሱት ምንድን ናቸው?

አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጥፍር ያለው ሸርጣን ወንዱ ነው። ትልቁን የሚያወዛውዘው ሴቷን ለመጥራትና ሌላውን ወንድ ለማስፈራራት እንጂ ለመብላት አይደለም፤ የሚበላው በትንሹ ነው። ሴቷ ሁለት ትንንሽ ስላላት በእጥፍ ፍጥነት ትበላለች። ጭቃውን አፏ ውስጥ አጥባ የማይበላውን ድቡልቡል አድርጋ ትተፋለች፤ በጉድጓዱ ዙሪያ የተበተኑት ፍሬ የመሰሉ ነገሮች እነዚህ ናቸው። ሲጠጉ ሁሉም ይሰወራሉ። በሦስት ሜትር ርቀት ቁጭ ብለው ሦስት አራት ደቂቃ ሳይነቃነቁ ይቆዩ፣ ተመልሰው ይወጣሉ። ብዙ ጎብኚ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይነሳል።

ዓይኖቹ ከራሱ ላይ ወጣ ወጣ ያሉና ጭቃ ላይ በክንፎቹ የሚዘለው ዓሣ ነው፤ ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ ውጭ ይተነፍሳል። ጣት የሚያህለው ጥቁር ባለ ሾጣጣ ቤት ቀንድ አውጣ የወደቀ የማንግሮቭ ቅጠል ይበላል፤ አንድ ቅጠል ላይ ብዙዎች ተሰብስበው ካዩ አይንኳቸው፣ ማዕድ ላይ ናቸው። ውሃው ሲሞላ ደግሞ ግንዶቹን ከፍ ብለው ይመልከቱ፦ ከዓሣ የሚሸሹ ሸርጣኖችና ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ዛፍ ላይ ይወጣሉ።

የትኞቹን ወፎች ልፈልግ?

ሁሉንም ለመለየት አይሞክሩ። የባሕር ዳር ወፎች ከመራቢያ ወቅታቸው ውጭ በሚለብሱት ላባ አብዛኞቹ ግራጫ ናቸው፤ ልምድ ያላቸውም ይሳሳታሉ። በአምስት ይጀምሩ።

አንደኛው ክራብ ፕሎቨር ነው፤ ሚዳ የታወቀው በእሱ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ እግሩ ረጅም ሰማያዊ ግራጫ፣ መንቁሩ ወፍራምና ጥቁር፣ ሸርጣን ለመስበር የተሠራ። ቆሞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሮጦ ይይዛል። የሚራባው ሚዳ ላይ አይደለም፤ በቀይ ባሕር፣ የኤርትራ ደሴቶችን ጨምሮ፣ እና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻዎች አሸዋ ቆፍሮ በዋሻ ውስጥ አንድ ነጭ እንቁላል ይጥላል። ጫጩቷ አድጋ እዚህ ድረስ በራሷ ክንፍ ከበረረች በኋላም ወላጆቿን እየተከተለች ስትለምን ትታያለች።

ሁለተኛው ረጅም ወደ ታች የተቆለመመ መንቁርና በራሱ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ዊምብረል። ሦስተኛው መንቁሩ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ እግሩ ብርቱካንማ፣ እንደሰከረ ሰው የሚሮጠው ቴሬክ ሳንድፓይፐር። አራተኛው ሲቆም ተራ፣ ሲበር ግን ብብቱ ጥቁር የሆነው ግሬይ ፕሎቨር። አምስተኛው ከሁሉ ትንሹ፣ ክብደቱ ከ20 እስከ 40 ግራም የሚሆነው ሊትል ስቲንት፤ ከሳይቤሪያ ጫፍ ነው የሚመጣው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር ሲልከሰከስ ያዩት ሊሆን ይችላል፣ ዘሩ አንድ ነው።

የመንቁሩ ርዝመት የምግቡ ጥልቀት ነው፤ አጭሩ ከላይ ይለቅማል፣ ረጅሙ ከታች ያወጣል። ለዚህ ነው አንድ ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ዘር ሳይጣላ የሚውለው።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሄዱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሳይወጡ ይቆዩ። ሮዝ ቀይ የሆነው ንብ በል በቡድን እየመጣ ማንግሮቩ ላይ ያድራል። ኢትዮጵያም ውስጥ የሚራባ ወፍ ነው፤ እዚህ በዕረፍት ላይ ነው ያለው።

ርቀት ስንት? ወፎቹ መብላት ትተው አንገታቸውን ካቀኑ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ በተለይ ይጠንቀቁ፦ ለሺህ ኪሎ ሜትሮች በረራ ስብ እያጠራቀሙ ስለሆነ አንድ ጊዜ ማስነሳት የበሉትን ማስተፋት ነው። ድሮን ያለ ኬንያ ባለሥልጣናት ፈቃድ አይቻልም።

አደገኛ እንስሳ አለ?

ብዙ ሰው እባብን ይፈራል፤ ሰው የሚጎዳው ግን ኦይስተርና ፀሐይ ነው። ሆኖም ጉልበት ድረስ ውሃ ሲሻገሩ እግርዎን አያንሱ፣ አሸዋው ላይ ይጎትቱት፤ የተቀበረ ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ካለ ተነስቶ ይሄዳል። ከተወጉ ቁስሉን ይጠቡና የሚታገሡትን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ (ከ40 እስከ 45 ዲግሪ) ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩ፤ ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሣል። ውሃውን ባልተወጋው እጅዎ ይፈትኑት፣ የተወጋው ስለሚደነዝዝ ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ ሐኪም ቤት። በሪፉ (በባሕሩ ውስጥ ባለው የኮራል ድንጋይ) በኩል ያለ የሚያምር ባለ ቅርጽ ሾጣጣ ዛጎል አይንኩ፤ መርዘኛ ቀስት የሚወረውር ሊሆን ይችላል።

በጾም ቀን ምን ይበላል?

ባሕር ዳሩ ለጿሚ ይመቻል። ቁርስ «ማሃምሪ ና ምባዚ» ነው፦ ከኮኮናት ወተት የተቦካ ፓስቲ መሳይ ዳቦና በኮኮናት የተሠራ የርግብ አተር። ምሳ «ዋሊ ዋ ናዚ» (የኮኮናት ሩዝ) ከባቄላ ጋር። ማሃምሪው ላይ የላም ወተት እንዳልገባ ይጠይቁ። በዳባሶ በኩል በማንግሮቩ መሐል በእንጨት መተላለፊያ የሚደረስበት የማኅበረሰብ ምግብ ቤት አለ፤ የታወቀው በሸርጣን ሳምቡሳ ነው። ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የማይበላ ሰው ለዕይታው ይሂድ።

ማንግሮቭ ትከል ቢሉኝ?

ይጠይቁ፦ እዚህ ቦታ ከዚህ በፊት ማንግሮቭ ነበረ? ተከላ የሚከሽፍበት ዋናው ምክንያት ባዶ የጭቃ ሜዳ ሁሉ ደን የጎደለው መስሎ ስለሚታይ ነው። ዝቅ ያለ ሜዳ ለረጅም ሰዓት በውሃ ስለሚሸፈን ችግኙ ይታፈናል፣ የወፎቹም ማዕድ ይበላሻል። ቦታው ትክክል ከሆነ የምኮኮውን ዱላ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው ከርዝመቱ ሲሶውን ይትከሉ። ቡቃያው በላይ በኩል ነው፤ ገልብጦ የሚተክል አይጠፋም።

ዛጎል ይዤ ብመለስስ?

አይልቀሙ፣ ከሻጭም አይግዙ። ከጥብቅ ስፍራው ምንም መውሰድ አይፈቀድም፣ አየር ማረፊያም ያስይዛል። ባዶ የመሰለዎት ዛጎል የሌላ ሸርጣን ቤት ነው።

ሳባኪስ?

ከማሊንዲ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ከናይሮቢ አካባቢ ደጋ የሚነሳው ወንዝ ጋላና ተብሎ፣ ቀጥሎም ሳባኪ ተብሎ እዚህ ባሕር ይገባል፤ በዝናብ ወቅት ያመጣው ቀይ አፈር ባሕሩን እስከ ሩቅ ያቀላዋል። እንደ ሚዳ መተላለፊያ የለውም፤ አሸዋ ላይ ነው የሚኬደው። ፍላሚንጎና እጅግ ብዙ ተርን የሚባሉ የባሕር ወፎች ይታያሉ፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ደግሞ ማዳጋስካር የሚራባው ፕራቲንኮል የተባለ ወፍ ይመጣል። ጉማሬ ስላለ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ብቻ ይሂዱ፤ በውሃውና በጉማሬው መካከል በፍጹም አይቁሙ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ለግጦሽ መውጣት ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ከሸምበቆው ይራቁ።